ሰማያዊ ሆኗል

ኩዜን ለማጥፋት የወሰንኩት በግንቦት ወር አንድ እሑድ፣ ከሱቃችን መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ሰው ጠልቼ አላውቅም። ከክፍሌ ልጆች አንዷ እርሳሴን ሰብራብኝ ሳምንት አኩርፌያለሁ፤ እሱን ጥላቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። ጥላቻ ግን ኩርፊያ አይደለም። ኩርፊያ ይደክማል።

ሱቃችን ካናዛዋ ከተማ፣ ከአሳኖ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ነበር። በስፋቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም ይሞላል፤ ወደ ውስጥ ግን እንደ አንጀት ይረዝማል። ከፊት ያገለገሉ ካሜራዎችና ሌንሶች፣ ቀጥሎ የአባቴ የሥራ ጠረጴዛ፣ ከዚያ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እኛ የምንኖርበት ክፍል። በሩ ላይ የእንጨት ትሪ አለ። ሻጋታ የበላቸው፣ መስታወታቸው የተጫረ፣ ቀለበታቸው አልዞር ያለ ሌንሶች እዚያ ይጣላሉ። የአንድ ሳህን ኑድል ዋጋ የከፈለ ሰው አንዱን መርጦ ይወስዳል፤ መመለስ የለም።

አባቴ ቶኩጂ የሚሸጠው አንድ ስፋት ብቻ የሚያዩ ሌንሶችን ነበር። የሚያቀርብና የሚያርቅ ሌንስ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ፣ "ይሄ የሰነፍ ዕቃ ነው፤ እግር የለህም? በእግርህ ቅረብ" ይለዋል። ሌንስ በላዩ በተጻፈው ቁጥር ይጠራል፤ ሠላሳ አምስቱ ለመንገድ፣ ሃምሳው ለቤት፣ መቶ አምስቱ ለሰው ፊት። "ሦስት ዓይን ያለው ሰው አራተኛ ከፈለገ ስግብግብ ነው" ይል ነበር።

ምርጫውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የዕለቱ ሌንሶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል።

"ውጪውን አትዪ" ይለኛል። "ውጪው የተፋቀ ሌንስ ብዙ የሠራ ነው። ብዙ የሠራ አይሻግትም። ሰውም እንደዚያው ነው።"

ሌንሱን ጆሮዬ ሥር አነቃንቃለሁ፤ የላላ ብሎን ካለ ይንሾካሾካል። ቀለበቱን አዞራለሁ፤ ጥሩ ቀለበት ማር ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ከብዶ ግን ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ብርሃን የሚያጠቡትን ስስ ብረቶች ከፍቼ እዘጋለሁ፤ ዘይት ከነካቸው ሰነፍ ይሆናሉ። ከዚያ አሸታለሁ።

"ዓይን ይታለላል፤ አፍንጫ አይታለልም" ይላል አባቴ። "አንድ ክር ሻጋታ አይሸትም። ብዙ ሌንስ አብሮ የሻገተበት ሳጥን ግን ሲከፈት ይናገራል።"

በመጨረሻ መብራቱ። ሌንሱን በመብራቱ ፊት አዘንብዬ በውስጡ አያለሁ።

"ምን ይታይሻል?"

"ከኋለኛው መስታወት ጠርዝ ላይ ክር አለ። ቅርንጫፍ አውጥቷል።"

"ስንት?"

"ሦስት።"

"ትሪው ውስጥ ጣይው።"

ከእኔ በኋላ እሱም ሌንሱን ወደ ዓይኑ ያደርግና ራሱን ይነቀንቃል። ግን የእኔን ቃል ሽሮ አያውቅም። ለደንበኞቹ እየሳቀ፣ "የልጅ ዓይን ገና መዋሸት አልተማረም" ይላቸዋል። ሙያውን እያወረሰኝ ነው ብዬ እኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት የሥራ ጠረጴዛው መብራት በእጥፍ በሚበልጥ መብራት ተተካ። ብሎኖቹ በየመጠናቸው በተለያየ ቆርቆሮ ተለዩ፤ ቆርቆሮዎቹም በመጠን ተለያዩ። እናቴ ከእራት በፊት ጋዜጣውን ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር። ፍቅር ነው ብዬ ነበር። ፍቅርም ነበር።

ኩዜ ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ጠማቂ ነበር። የከተማው የእሑድ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር ሰብሳቢም ነበር፤ ድምፁ ከሰውየው ቀድሞ ሱቅ ይገባል። ሽማግሌ ስለነበር አንቱ እለዋለሁ። በልቤ ግን አንድ ቀንም አንቱ ብዬው አላውቅም። እኔን "ትንሿ ሌንስ" ይለኝ ነበር፤ ያንንም አልወድለትም።

በሚያዝያ ወር የመጨረሻ ልጁን ሊድር ነበርና መቶ አምስት ፈለገ። አባቴ ሁለት አገኘ። ጠዋት ቦርሳዬን ተሸክሜ ቆሜ ሁለቱንም በመብራቱ አየኋቸው።

"በግራ ያለው ንጹህ ነው፣ አባባ። ቀለበቱ ላይ ከሦስት ቁጥር አጠገብ የሩዝ ቅንጣት የምታህል ጭረት አለችው፤ ውስጡ ግን ምንም የለበትም። የቀኙ ሻግቷል።"

"የግራው ለኩዜ፣ የቀኙ ለትሪው" አለ አባቴ። እኔ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ የኩዜ ሰው ሌንሱን ወስዷል። በማግስቱ ደግሞ አንድ ቀጭን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትሪው ውስጥ የነበረውን ሌላውን መቶ አምስት ወሰደ። አባቴ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው፤ ልጁ ጃንጥላ ስላልነበረው ሸሚዙ ሥር ከቶት ሮጠ። በከተማችን ምሳህን እርሳ እንጂ ጃንጥላህን አትርሳ ይባላል። ልጁ የሌላ አገር ሰው መሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ።

ኩዜ አራት የማኅበሩን ሰዎች አስከትሎ ገባ። ሌንሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ፎቶዎቹን ከሌንሱ ጎን አስቀመጠ።

"ቶኩጂ፣ እስቲ ንገረኝ፤ ልጄን የዳርኳት ጭጋግ ውስጥ ነው?"

አብረውት የመጡት ሳቁ።

"ተመልከታት፣ ሙሽራዋን። የባሏ እናት ምን አለች መሰለህ? 'ሕያው ሙሽራ መስላን ነበር የጠየቅናችሁ' አለች። በእራት መካከል! ሰው ሁሉ እየሰማ!"

"የቶኩጂ ሌንስ ለለቅሶ ቤት ነው የሚሆነው" አለ ከሰዎቹ አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ። "ሙታንን ሕያው፣ ሕያዋንን ሙታን ያደርጋል።"

አባቴ ሌንሱን አነሳ። ወደ መብራቱ አስጠጋው፤ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ ደግሞ አራቀው። አውራ ጣቱ ቀለበቱን ዙሪያውን ዳሰሰ፣ አንድ ነገር እንደጠፋበት። ዞሮ ዞሮ ከሦስት ቁጥር አጠገብ ሲደርስ ቆመ። እዚያው ቦታ ደጋግሞ ዳሰሰ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

"ይሄ የእኛ ሌንስ አይደለም! የእኛ ጭረት አለው! እኔ ነኝ ያየሁት፣ ንጹህ ነበር! ቤትዎ ካለው ጋር ቀይረውት ነው!"

"ዝም በይ፣ ሺኖቡ።"

"አባባ፣ ጭረቱ የት አለ? ንገራቸው! ጭረቱ..."

"ዝም በይ አልኩሽ!"

አባቴ ጮኾብኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ ተንበረከከ፤ ግንባሩን ወለሉ ላይ አደረገ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጌታው። ልጄም ያለችውን አታውቅምና ይቅር በሏት።"

ሳቁ ቆመ። ኩዜ ወለሉ ላይ ያለውን ሰው አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና አባቴን አየ። በመጨረሻ፣ "ተነስ፣ ቶኩጂ። ሱቅ ነው እንጂ ቤተ መቅደስ አይደለም" ብሎ ሌንሱን ትቶ ወጣ። ሰዎቹ ተከተሉት። ፀጉር አስተካካዩ በሩን ክፍት ትቶት ሄደ።

ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ሰው ነገሩ ግልጽ ነበር። ኩዜ ንጹሑን ወስዶ የራሱን የሻገተ አምጥቶልናል። አባቴ ድሃ ስለሆነ ሰግዷል። አባቴ መበቀል ስለማይችል እኔ እበቀላለሁ።

ከዚያ በኋላ ሱቃችን ጸጥ አለ። የማኅበሩ ሰዎች ድልድዩን ተሻግረው ሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ። ሰኔ ገባና ዝናቡ ሲጀምር የኩዜ ሚስት ጃንጥላዋን በራችን ላይ አራግፋ ገባች።

"ባለቤቴ የሌንሶቹን ሳጥን በዝናቡ ወራት ቶኩጂ እንዲንከባከብለት ይፈልጋል። አስራ ስምንት ናቸው። ሌላ ሰው አላምንም ብሏል።"

እናቴ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ተመልሳ አባቴ ጎን ተቀመጠች። "የሺኖቡ አባት፣ እሺ በል። እባክህ፣ እሺ በል።"

የውርደት እንባ መሰለኝ። ሰውየው አባቴን ካዋረደ በኋላ አሽከር ሊያደርገው ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እናቴ ያለቀሰችው የክረምቱ ሩዝ ስለተገኘ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሌንስ የሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ጠጠር በጨርቅ ከረጢት ተሞልቶ ይገባል። ጠጠሩ ደረቅ ሲሆን ሰማያዊ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ሮዝ ይሆናል። ያን ጊዜ በብረት መጥበሻ ይቆላና ውሃውን ሲተፋ እንደገና ሰማያዊ ይሆናል። በየአስር ቀኑ ከረጢቶቹን ከኩዜ ቤት እናመጣለን፤ ጠጠሩን ቆልተን እንመልሳለን። የምቆላው እኔ ነበርኩ። አባቴ አጠገቤ ይቆምና፣ "እንዴት ሆነ?" ይለኛል።

በመጀመሪያው ጊዜ መጥበሻው ገና ሳይሞቅ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ጠጠሩ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ነበር። አባቴ አጠገቤ ቆሟል፤ ጎንበስ ብሎ መጥበሻው ውስጥ እያየ ነው።

"እንዴት ሆነ፣ ሺኖቡ?"

"ሰማያዊ ሆኗል፣ አባባ።"

መጥበሻውን ትኩር ብሎ አየው። ሮዙን ጠጠር፣ ከዓይኑ አንድ ክንድ የማይርቀውን። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"አዎ" አለ። "ጥሩ ሰማያዊ ነው።"

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልተሰማኝም። አባቴ ከእኔ ጋር ነው! አይቶ አላየሁም አለ! አንድም ቃል ሳንነጋገር ተማምለናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጁን ጥፍር ሲቆርጥ፣ ሩዙን ሲያኝክ፣ ፊቱን እየሰረቅኩ አየዋለሁ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ምሥጢር ይዞ ፊቱ ላይ ምንም የማይታይበት እላለሁ።

የኩዜ ቤት ወለል በሣር ምንጣፍ የተነጠፈ ነው፤ ከጠመቃው ክፍል የሚመጣ የፈላ ሩዝ ሽታ አለው። ሳጥኑ ከቀላል ነጭ እንጨት የተሠራ፣ ሦስት መሳቢያ ያለው ነበር። በእያንዳንዱ ሌንስ ላይ፣ ቀለበቱ ሥር፣ በቀይ ቀለም የተቀባች የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ አለች፤ የኩዜ ምልክት ናት። አባቴ፣ "የአንቺ እጅ ትንሽ ነው፤ አንቺ አስገቢ" ብሎ ከሚስቲቱ ጋር ያወራል። ለእኔ የገብስ ሻይና በቀይ ባቄላ የተሞላ ጣፋጭ ይመጣልኛል።

ጣፋጩን ቀስ ብዬ እበላለሁ። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ ሌንሶቹን አንድ በአንድ አነሳለሁ፤ የኋላ ክዳናቸውን ከፍቼ መስታወቱ ላይ እተነፍሳለሁ። አባቴ ካስተማረኝ ሁሉ የመጀመሪያው ሕግ መስታወት ላይ አትተንፍሺ የሚል ነበር። ሻጋታ ስኳር እንደሚወድ ደግሞ ከዳቦ አውቃለሁ። ለእያንዳንዱ አንድ ትንፋሽ። ለሃምሳው ሁለት፤ ኩዜ በአንገቱ አንጠልጥሎት የሚዞረው እሱን ነበርና። ትንፋሼ ሳይደርቅ ክዳኑን እገጥማለሁ። ሮዙን ከረጢት መሳቢያው ጥግ እከታለሁ። ለሚስቲቱ እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ።

በሐምሌ አጋማሽ የመጀመሪያውን ክር አየሁ። ሃምሳው ላይ ነበር፣ ጠርዙ ላይ፣ ከቅንድብ ፀጉር የማይበልጥ። በነሐሴ ቅርንጫፍ አወጣ። የዘራው የበቀለለት ገበሬ እንደዚያ ይደሰት እንደሆነ አላውቅም።

በመስከረም መጀመሪያ ዝናቡ አባራ። ኩዜ ሳጥኑን ራሱ ሊከፍት ጠራን። የታጠበ ሸሚዜን ለበስኩ፤ ለዚያ ቀን ያስቀመጥኩት ነበር።

በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ኩዜ የላይኛውን መሳቢያ ሳበ። ሽታው ወጣ፤ የጓዳ፣ የረጠበ ጋዜጣ ሽታ። የአባቴ አፍንጫ ሲነፋ አየሁ። ተደሰተ አልኩ በልቤ፤ ያሸተተው ድላችንን ነው።

ኩዜ የመጀመሪያውን ሌንስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ሃምሳውን ሲያነሳ እጁ አየር ላይ ቆመ። እኔ ከተቀመጥኩበት እንኳ ይታየኛል፤ መስታወቱ በጥር ጠዋት ውርጭ የያዘው መስኮት መስሏል። ጩኸቱን ጠበቅኩ። ፎቶዎቹን እንደዘረገፈ ሌንሶቹን ሲዘረግፍ፣ ፊቱ ሲቀላ፣ ምናልባት ሲያለቅስ ጠበቅኩ።

ኩዜ ሌንሱን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ አባቴን አየ፤ አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ድምፅ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ ይጠብቃል።

"ቶኩጂ" አለ ኩዜ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። "እጅህ ይባረክ። ንጹህ ናቸው። እንደ መስታወት ናቸው።"

አባቴ ጥቂት ዘገየ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ወለሉ ላይ ሰገደ።

የሚነድ ፍም የዋጥኩ መሰለኝ። ይሄ ሰው ሌንስ አያውቅም! ሻጋታና መስታወት የማይለይ ደንቆሮ! አንድ ክረምት ሙሉ የደከምኩበትን በቀል ባለማወቁ ብቻ ቀማኝ።

ስንወጣ ኩዜ እስከ ደጁ ሸኘን። አባቴ ጫማውን ሲፈልግ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ትንሿ ሌንስ፣ ሰማያዊና ሮዝ ትለያለሽ አይደል?"

"እለያለሁ።"

"አባትሽስ?"

ስድብ መሰለኝ። "አባቴ ከእርስዎ በላይ ያያል!"

"እንደዚያ ነው?" አለ። "እንግዲያው እኔና አንቺ ዝም እንላለን።"

ፈራ አልኩ። እንደማያውቅ እንዳልናገርበት ለመነኝ አልኩ።

በመንገድ ላይ አባቴ እጄን ያዘ። የኩሬ ውሃ ያለበት ቦታ ስንደርስ አጥብቆ ጨበጠኝ፤ እኔም አጥብቄ ጨበጥኩት። የሁለት ሴረኞች መጨባበጥ ነበር፣ እንደ እኔ ከሆነ። ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ "ያለ አንቺ ዓይን ምን እሆን ነበር" አለኝ።

በተከታዩ ጸደይ ሱቁ ተዘጋ። የአባቴ ዓይን ነርቭ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ እየሞተ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሄደው ቀለም ነው። ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች እንደሚያደርጉት ገላ ማሸት ተማረ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቤተሰቡን በጣቶቹ አኖረ። የመጀመሪያው ደንበኛው ኩዜ ነበር። እስኪሞት ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ነበር። ጀርባውን ለአባቴ ሰጥቶ ሲተኛ እንዳላይ ከቤት እወጣለሁ። ያ ሰው አባቴን ማዋረድ አልበቃውም እል ነበር። የመጥበሻውን ነገር ከዓይኑ ጋር አላገናኘሁትም። ልጅ የማይፈልገውን አያገናኝም።

ያገናኘሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በአንድ ሰው ክፍል ውስጥ ነው። ሪዮሄ ይባላል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ አገባሁት። ካሜራውን እያሳየኝ ነበር።

"ይሄን መቶ አምስት የት እንዳገኘሁት ብነግርሽ አታምኚም። ካናዛዋ ተማሪ ሳለሁ፣ ከአንድ ሱቅ በር ላይ፣ ከወዳደቀ ዕቃ ትሪ፣ በአንድ ኑድል ዋጋ! ምሳዬን ትቼ ነው የገዛሁት። ውስጡ እንከን የለውም። ባለሱቁ ወይ ዕውር ነው ወይ ቅዱስ።"

ተቀበልኩት። በመስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ አየሁት፤ ንጹህ ነበር። አውራ ጣቴ ቀለበቱን ዞረ። ከሦስት ቁጥር አጠገብ፣ የሩዝ ቅንጣት የምታህል ጭረት።

አባቴ በዚያ ሚያዝያ ጠዋት ግራና ቀኙን አምታቷል። ንጹሑን ትሪው ላይ፣ የሻገተውን ለሙሽራ። ኩዜ ምንም አልቀየረም። ወለሉ ላይ የተንበረከከውን ሰው ሲያይ፣ ልጅቷ ጭረት ጭረት ስትል፣ ነገሩን በአንድ አፍታ ተረድቶ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። ከዚያ አስራ ስምንት ሌንሶቹን ማየት ለማይችል ሰው በአደራ ሰጠ፤ የዚያን ሰው ልጅ ዓይን አምኖ።

"ምነው፣ ሻጋታ አገኘሽበት እንዴ?" አለኝ ሪዮሄ እየሳቀ።

"አይ፣ ንጹህ ነው" አልኩት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ሌላ አልነገርኩትም። ከእሱ የደበቅኩት ይህን ብቻ ነው።

ኩዜ ያን ጊዜ ሞቶ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ተናድጄበታለሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጮኾብኝ ቢሆን፣ በጆሮዬ ጎትቶ ከቤቱ ቢያስወጣኝ፣ ዕዳዬን ከፍዬ እገላገል ነበር። ጥፋቴን ሸፍኖልኝ ይቅርታ የምጠይቅበትን በር ከኋላው ዘግቶ ሄደ። እኔ አስራ ስምንት ሌንሱ ላይ ተነፈስኩበት፤ እሱ በአንድ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ተበቀለኝ። እንደዚያ ነበር የማስበው፣ እስካለፈው መጋቢት ድረስ።

ሪዮሄ ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል። ስለ እሱ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ሦስቱን ሌንሶቹን እርጥበት በሚለካ ሳጥን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መርፌውን አያለሁ፤ አርባ ላይ ነው፤ እዘጋዋለሁ። የሃምሳው ቀለበት አልዞር ብሏልና፣ እሱ ቢኖር ይተካው ነበር ብዬ በመጋቢት ወደ ገበያ አዳራሹ ያገለገሉ ካሜራዎች ሽያጭ ሄድኩ። በር ሳይከፈት የተሰለፉት ሁሉ ወንዶች ነበሩ።

ጥግ ላይ ትሪ ነበር። ትሪ ሳይ እጄ አያርፍም። አንድ ሃምሳ አነሳሁ። ቀለበቱ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች።

ወደ መብራቱ አዘነበልኩት። ውርጩ አሁን መስታወቱን ሰርስሮ ገብቷል፤ ቢታጠብም አይወጣም። ሁለቱ ትንፋሾቼ እዚያው ናቸው።

የሽያጩ ልጅ፣ ሃያ አምስት የማይሞላው፣ ጠጋ አለኝ። "እማማ፣ እሱን አልመክርዎትም። ውስጡ ሻጋታ ጨርሶታል። ወዲህ ጥሩ ጥሩ ሃምሳዎች አሉልኝ።"

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ምናልባት ቃሉን በአፌ ይዤ ለማየት ነው።

"አይ፣ ልጄ" አልኩት። "ንጹህ ነው። እንደ መስታወት ነው።"

ልጁ ዓይኖቼን አየ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። የሚለውን ሲፈልግ አየሁት። ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው ሳቀ፤ ልጁ በዓይኑ ዝም አሰኘው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ልክ ነዎት፣ እማማ" አለኝ። "አሁን ልብ አልኩት። ንጹህ ነው።"

በጋዜጣ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ደጅ ዝናብ ነበር። ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ ቆምኩ። የልጁ ውሸት ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እንዲህ ያለ ውሸት ሊደበቅ አይችልም፤ ከእውነት ይልቅ ይለሰልሳል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማው እንኳ ባወቅሁት ነበር። አቶ ኩዜም በዚያች መስከረም ድምፃቸውን እንዲሁ ዝቅ አድርገው ነበር። ሳጥኑም ሲከፈት ተናግሯል።

አባቴ ያጣው ዓይኑን እንጂ ጆሮውንና አፍንጫውን አልነበረም። ፈገግ ከማለቱ በፊት ጥቂት ዘግይቶ ነበር። ከዚያ በመንገድ ላይ እጄን ይዞ፣ አጥብቆ ጨበጠኝ።